ስደተኛ ተማሪ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ምን ያድርግ? ከምዝገባ እስከ መሸኛ

«ሰነድ የለውም፣ አማርኛ አይችልም፣ ዕድሜውም ለክፍሉ ይበልጣል፤ ልመዝግበው ወይስ ልመልሰው?» ይህ ጥያቄ መስከረም በመጣ ቁጥር ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ርዕሳነ መምህራን ይደርሰናል። መልሱ አጭር ነው፤ ይመዝግቡት። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መዝገብ ላይ የሚሠራ ትንሽ ስህተት ልጁን ስምንተኛ ክፍል ድረስ ይከተለዋል፤ የተሳሳተ ምደባም በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ከትምህርት ገበታ ያስቀረዋል።

መመሪያው የተጻፈው ኤርትራዊ፣ ሶማሊያዊ፣ ሱዳናዊ፣ ደቡብ ሱዳናዊ ወይም የመናዊ ልጆችን ከአገር ልጆች ጋር ቀላቅሎ ለሚያስተምር የከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በጋምቤላ፣ በዶሎ አዶ ወይም በአሶሳ አካባቢ ባሉ መጠለያዎች ውስጥ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች አስተዳደራቸውም በጀታቸውም ይለያል፤ እነሱ ስለ ስምና ልደት፣ ስለ ምደባና ስለ ክፍል ውስጥ አያያዝ የተጻፈውን ይውሰዱ።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

- የአዲስ ገቢ ተማሪ መዝገብና የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ክላሰር
- የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ
- የምደባ ጥያቄዎች (አዘገጃጀቱ ተራ ቁጥር 3 ላይ አለ)
- የፊደል ገበታ፣ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል አማርኛ መጻሕፍት፣ ለአንድ ቡድን ከ5 እስከ 8 ቅጂ
- ተማሪዎችዎ ለሚናገሩት ለእያንዳንዱ ቋንቋ ሁለት አዋቂ አስተርጓሚዎች፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲገኝ
- አንድ ገጽ የስልክ ዝርዝር፦ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት፣ የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ጣቢያ
- ዓመቱ አጋማሽ ላይ ለሚመጡ ልጆች የተቀመጠ ደብተርና ጥቂት ዩኒፎርም

1. በመጣበት ቀን ይመዝግቡ

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 እውቅና ያገኘ ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊ ዜጋ እኩል እንዲስተናገድ ይደነግጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ጥገኝነት ጠያቂ» የሚል ቢሆንም ለአንደኛ ደረጃ ይበቃል፤ «መታወቂያህ ሲወጣ ና» ብሎ መመለስ አይገባም። ከአንደኛ ደረጃ በላይ አዋጁ ባለው አቅምና በአገሪቱ የትምህርት ፖሊሲ መሠረት ይላል። 9ኛ ክፍል ላይ ቦታ ሲጠብብዎ ልጁን በቃል አይመልሱት፤ ጉዳዩን በጽሑፍ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያቅርቡና ሌላ ትምህርት ቤት እንዲመደብለት ይጠይቁ።

ከቤተሰቡ የሚፈልጉት የስደተኛ ምዝገባ ማስረጃውን፣ ካለ የቀድሞ ሪፖርት ካርድ፣ የልጁን ጉርድ ፎቶግራፍና የአሳዳጊውን ስልክ ነው። የጎደለ ካለ «በ30 ቀን ውስጥ የሚሟላ» ብለው በማስታወሻ ይያዙና ልጁን ክፍል ያስገቡ። ሪፖርት ካርዱ አገሩ የቀረ ልጅ 30 ቀን ቢሰጡትም ላያመጣ ይችላል፤ በካርዱ ምትክ የምደባ ፈተናው ውጤት ይያያዛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዋናውን ሰነድ ይዘው አያስቀሩ። ቤተሰቡ ዕርዳታ ለመቀበልም፣ ፖሊስ ሲጠይቀው ለማሳየትም የሚፈልገው እሱኑ ወረቀት ነው። ፎቶ ኮፒ አንሥተው ወዲያው ይመልሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማስረጃ ለማጣራት ብለው ወደ ልጁ አገር ኤምባሲ ወይም ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ አይደውሉ፣ ደብዳቤም አይጻፉ። ቤተሰቡ የሸሸው ከዚያው መንግሥት ከሆነ፣ ያለበትን ቦታ ያሳወቁት እርስዎ ይሆናሉ፤ እዚያ የቀሩ ዘመዶችም ሊጎዱ ይችላሉ። «ለምን ተሰደዳችሁ?» የሚለውም የምዝገባ ጥያቄ አይደለም።

2. ስሙንና የልደት ቀኑን አንዴ፣ በትክክል ይጻፉ

ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት።

የስደተኛ ሰነዶች ላይ ያለው የልደት ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከጃኑዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ያለውን ሲመልሱ ከዓመቱ 8 ይቀንሳሉ፤ ከመስከረም 1 እስከ አውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ ድረስ ያለውን ሲመልሱ 7 ይቀንሳሉ። ለምሳሌ ሜይ 14 ቀን 2013 ማለት ግንቦት 6 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ ኦክቶበር 2 ቀን 2013 ደግሞ መስከረም 22 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። መዝጋቢው ሳይመልስ «2013» ብሎ ከጻፈው፣ ግንቦት ላይ የተወለደው ልጅ በ2018 መስከረም 12 ዓመቱ ሆኖ ሳለ መዝገብ ላይ የ4 ዓመት ሕፃን ይሆናል። ስህተቱ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ለፈተና ሲመዘገብ ነው፤ ያኔ ለማረም ደብዳቤ ከወረዳ ክፍለ ከተማ ይመላለሳል። ወርና ቀኑን ለመመለስ ሁለቱን አቆጣጠር የያዘውን የቀን መቁጠሪያ ይጠቀሙ፤ በግምት አይሥሩ። ሁለቱንም ቀን በአንድ መስመር ይጻፉ፤ የትኛው «ዓ.ም.» የትኛው «እ.ኤ.አ.» እንደሆነም ይለዩ።

ብዙ ልጆች ሰነዳቸው ላይ የተወለዱት ጃኑዋሪ 1 ነው ይላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ትክክለኛው ቀን ሳይታወቅ ሲቀር ዓመቱን ብቻ ይዘው መዝጋቢዎች የሚሞሉት ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 22 ይውላል። ሰነዱ ላይ ያለውን እንዳለ መልሰው ይጻፉ፤ ለምደባ ግን እናቱን ወይም አሳዳጊውን ስለ ልጁ ዕድሜ ይጠይቁ።

ስሙን በተመለከተ፣ በሰነዱ ላይ ያለውን የላቲን አጻጻፍ ፊደል ሳይለውጡ ይገልብጡ፤ ከጎኑ ልጁ ሲጠራው የሚሰማውን በግእዝ ፊደል ይጻፉ። ከሶማሊያ የመጣ ሰነድ በሶማሊኛ አጻጻፍ ከሆነ «ሲ» የምትባለው የላቲን ፊደል የ«ዐ»ን፣ «ኤክስ» የ«ሐ»ን ድምፅ ትወክላለች፤ ይህን የማያውቅ መዝጋቢ ዓብዲን «ካብዲ» ይለዋል። ብዙ ኤርትራውያን ስማቸውን በግእዝ ፊደል ራሳቸው መጻፍ ስለሚችሉ ወረቀትና እስክሪብቶ ይስጧቸው፤ የጻፉትን ወደ አማርኛ አጻጻፍ «አያስተካክሉ»። በመጨረሻ የተጻፈውን ለአሳዳጊው አንብበው ያስፈርሙ። የክፍል ስም መጥሪያ፣ ሮስተርና ሪፖርት ካርድ ሁሉ ከዚህ አንድ መስመር ይገለበጣሉ።

3. ክፍሉን በሒሳብና በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይወስኑ

አማርኛ ስላልቻለ ብቻ ልጅን ሦስት ክፍል ዝቅ ማድረግ ከምናያቸው ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። አማርኛ አለመቻሉ ሒሳብ አለመቻሉን አያሳይም፤ የ13 ዓመት ልጅ ከ8 ዓመት ሕፃናት ጋር ሲቀመጥ ደግሞ ከዕውቀት ማነስ ይልቅ ኀፍረት ከትምህርት ቤት ያስወጣዋል።

ከአንድ ሰዓት በታች የሚፈጅ ሦስት ክፍል ያለው ፈተና ይበቃል።

ሀ. ሒሳብ፣ 20 ጥያቄ። ልጁ «ጨረስኩ» ካለው ክፍል ጀምረው ወደ ታች በአራት ክፍሎች፣ ከየክፍሉ 5 ጥያቄ። ጥያቄዎቹ ቁጥርና ምልክት ብቻ ይሁኑ፤ የቃላት ጥያቄ አያስገቡ። ከ5ቱ 4 ያገኘበትን ክፍል ይዞታል ብለው ይውሰዱ።

ለ. በአፍ መፍቻ ቋንቋው ወይም በተማረበት ቋንቋ ከ60 እስከ 80 ቃላት ያለው ምንባብ ጮክ ብሎ ያንብብና ሦስት ጥያቄ በቃል ይመልስ። አስተርጓሚው ይሰማል፤ እርስዎ ይመዘግባሉ። በአንድ ቋንቋ ማንበብ የሚችል ልጅ ሁለተኛውን ቶሎ ይይዛል፤ በምንም ቋንቋ የማያነብ ልጅ ግን ሌላ ዕቅድ ይፈልጋል። ሁለቱን ሳይለዩ ድጋፍ መስጠት አይቻልም።

ሐ. አማርኛና እንግሊዝኛ። ይህ ለድጋፍ ዕቅድ ብቻ ነው፤ ነጥቡ ለምደባ አይደመርም።

ፈተናውን ሲያርሙ ሁለት ነገር ያስተውሉ። ከሱዳንና ከየመን የመጣ ልጅ ሒሳብ የለመደው በዐረብ አገር የቁጥር ምልክቶች ሊሆን ይችላል፤ እዚያ አምስት የእኛን ዜሮ፣ ስድስት የእኛን ሰባት ትመስላለች፤ ስሌቱም ከቀኝ ወደ ግራ ሊጻፍ ይችላል። ሁሉንም የሳተ የሚመስል ወረቀት ሲያዩ አስተርጓሚው ሳያየው ውጤት አይስጡ። ሁለተኛ፣ የየአገሩ እርከን ይለያያል። በኤርትራ አንደኛ ደረጃ 5 ዓመት፣ መካከለኛ 3፣ ሁለተኛ ደረጃ 4 ነው፤ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩትም በእንግሊዝኛ ነው። በደቡብ ሱዳን 8 እና 4 ነው። «አንደኛ ደረጃ ጨርሻለሁ» ሲልዎ ስንት ዓመት እንደተማረ ይቁጠሩ እንጂ ቃሉን አይመኑ።

ውሳኔው እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። ሒሳቡና ንባቡ ከጨረሰው ክፍል ጋር ከተስማማ፣ አማርኛው ዜሮ ቢሆንም ወደሚቀጥለው ክፍል ይግባ። ሒሳቡ በአንድ ክፍል ከዘገየ ያው ወደሚቀጥለው ክፍል ይግባና ማጠናከሪያ ይሰጠው። ሁለትና ከዚያ በላይ ክፍል ከዘገየ፣ በአካባቢው የተፋጠነ ትምህርት (ያመለጠውን ክፍል በአጭር ጊዜ የሚያካክስ) ካለ ወደዚያ ይመራ፤ ከሌለ ዝቅ ይበል፣ ነገር ግን ከክፍል ጓደኞቹ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይበልጥ። ከ6 ሳምንት በኋላ ምደባውን እንደገና ያዩታል፤ ይህንንም ለወላጁ ከመጀመሪያው ይንገሩት፤ አለዚያ የክፍል ለውጡን እንደ ቅጣት ያየዋል።

4. ለ12 ሳምንት የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ይመድቡ

በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ፣ ከ5 እስከ 8 ልጅ በቡድን። ልጁን የሚያወጡት ከአማርኛ ክፍለ ጊዜው ነው፤ እዚያ የሚነበበው ምንባብ ገና አይገባውምና። ከሒሳብ፣ ከስፖርትና ከሥነ ጥበብ አያውጡት። በሒሳቡ ከጓደኞቹ እኩል መሄድ ይችላል፤ በስፖርቱ ጓደኛ ያፈራል።

ቡድኑን በቋንቋ ደረጃ እንጂ በአገር አይከፋፍሉ። ትግርኛ ተናጋሪ ልጅ ፊደሉን ያውቃል፤ ከ«ሀ ሁ» ማስጀመር ጊዜ ማባከን ነው፣ የሚያስፈልገው ቃላትና ንግግር ነው። በዐረብኛ የተማረ ልጅ ከፊደሉ ሌላ ከግራ ወደ ቀኝ መጻፍን መልመድ አለበት። ሶማሊኛ ወይም ኑዌርኛ በላቲን ያነበበ ልጅ አንድ ምልክት ተነባቢና አናባቢ አብሮ መያዙ ይከብደዋል። ለነዚህ 33ቱን ፊደላት በተራ ማስቆጠር አድካሚ ነው። ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ አን ያስቀድሙ፤ ብዙ ቃል ቶሎ ይሠሩባቸዋል። ከሆሄያቱም መልካቸው ብዙም የማይለዋወጠውን ካዕብን፣ ሣልስንና ኃምስን አስቀድመው፣ የሚቀያየረውን ሳድስንና ሳብዕን ያስከትሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ንግግር ብቻ ይሁኑ፦ «አልገባኝም»፣ «ልውጣ?»፣ «ድገሙልኝ»፣ «አሞኛል»፣ የደብተርና የዕቃ ስም።

ለዚህ ሥራ የመደቡት መምህር 5ቱ ክፍለ ጊዜ በሳምንታዊ የማስተማር ጭነቱ ውስጥ ይቆጠርለት። በትርፍ ጊዜው እንዲሠራ ከተጠየቀ ሥራው ኅዳር ሳይገባ ይቆማል፤ ጥፋቱም የመምህሩ አይደለም።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ከደቡብ ሱዳንና ከኤርትራ የመጡ ተማሪዎች ብዙም አይቸገሩም። በዐረብኛ የተማሩት ግን ይከብዳቸዋል፤ ለእነሱ ከአማርኛው ይልቅ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ይቅደም።

5. ክፍሉን ያዘጋጁ

ልጁ ከመግባቱ በፊት የክፍሉን ኃላፊ መምህር አስጠርተው ሦስት ነገር ይንገሩት፦ ስሙ እንዴት እንደሚጠራ፣ በምን ቋንቋ እንደሚግባባ፣ ፈተናው ምን እንዳሳየ። የስደቱን ታሪክ አይንገሩት፤ መምህሩ ሊያስተምር የሚፈልገው ያንን አይደለም፣ ወሬውም የመምህራን ማረፊያ ክፍል ይደርሳል።

ሁለት ጓደኛ ተማሪዎች ይመደቡለት፤ ከተቻለ አንዱ ቋንቋውን የሚያውቅ ይሁን። በየሦስት ሳምንቱ ይቀያየሩ፤ አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሲያስተረጉም የራሱን ትምህርት ያጣል። ወንበሩ ከፊት ሁለተኛ ረድፍ፣ በሩን የሚያይበት ቦታ ይሁን፤ ግጭት ያየ ልጅ ከጀርባው በር ሲከፈት ይረበሻል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ስደተኞች ተነሱ» ብሎ በክፍልም ሆነ በሰልፍ ላይ መጥራት ክልክል ይሁን። ለቅጽ ቁጥር ሲያስፈልግ ከመዝገብ ይወሰዳል። በደብተር ዕደላ ቀን እንኳ ለብቻ አያሰልፏቸው፤ ስድቡ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መምህራን «ስለ አገርህ ጻፍ»፣ «ቤተሰብህን ሣል» ከሚሉ የቤት ሥራዎች ለመጀመሪያው ሴሚስተር ይቆጠቡ፤ ምርጫ ይስጡ። ልጁ በድንገተኛ ድምፅ የሚደነግጥ፣ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ በራሱ ቋንቋም ጨርሶ የማይናገር ወይም ያለ ምክንያት የሚማታ ከሆነና ከአራት ሳምንት በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ የሚላክበትን መንገድ ከአሳዳጊው ጋር ይነጋገሩ። መምህሩ «ምን ደረሰብህ?» ብሎ አይመርምር። ልጁ ራሱ ከነገረው ይስማ፣ ለርዕሰ መምህሩ ብቻ ያሳውቅ። ያለ አዋቂ ብቻውን የመጣ ወይም ከማያውቀው ሰው ጋር የሚኖር ልጅ ሲያገኙ ግን ሳምንት አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትና ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይደውሉ።

6. ወላጁን ያግኙ

ቀጠሮ ሲሰጡ ሰዓቱን በሁለቱም አነጋገር ይንገሩ፦ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በእናንተ 8 ሰዓት»። በእኛ ሰዓት ብቻ የተቀጠረ ሱዳናዊ ወላጅ ከሰዓት በኋላ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ትምህርት ቤቱም «ወላጁ ግድ የለውም» ብሎ ይመዘግበዋል።

አስተርጓሚው አዋቂ ይሁን። ስለ ዲሲፕሊን፣ ስለ ጤናና ስለ ውጤት ልጁ ራሱ ሊያስተረጉም አይገባም፤ መጥፎውን ዜና ይዘላል፣ ወይም ከዕድሜው በላይ ይሸከማል። በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ውስጥ ቢያንስ አንድ ስደተኛ ወላጅ ይኑር።

7. ልጆቹን ይቁጠሯቸው

ለትምህርት ቤቱ የሚላከው ድጎማ የሚሰላው በዓመታዊው የትምህርት ስታቲስቲክስ ቅጽ ላይ በሞላው የተማሪ ቁጥር ነው። ስደተኛ ተማሪዎችን በቅጹ በተዘጋጀላቸው ቦታ ይሙሉ። «ዜጋ ስላልሆኑ አይቆጠሩም» የሚል መዝጋቢ ካለዎት ያርሙት፤ 40 ልጅ ያልተቆጠረበት ትምህርት ቤት የ40 ልጅ መጽሐፍና በጀት ያጣል። ቅጹ ከተላከ በኋላ የመጡትን በተለየ ዝርዝር ይዘው በየሴሚስተሩ ለወረዳው በደብዳቤ ያሳውቁ። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት የምገባው ዝርዝርም በዚያው ሳምንት ይታደስ።

8. መቅረትን በ3ኛው ቀን ይከታተሉ

የስደተኛ ልጅ መቅረት ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይታወቃል፦ ወረቀት የሚታደስበት ቀን፣ ዕርዳታ የሚታደልበት ቀን፣ እናቱን ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ ማስተርጎም። እነዚህን ቀናት ከቤተሰቡ አስቀድመው ይወቁና ፈተና አይደርቡባቸው። ሦስተኛ ቀን ሲቀር ይደውሉ። ስልኩ ካልሠራ በጓደኛው በኩል ይላኩ፤ ቤተሰቡ ቤት ኪራይ ተወዶበት ሰፈር ቀይሮ ይሆናል፤ ያኔ መሸኛ ይስጡት እንጂ «ያቋረጠ» ብለው አይዝጉት። ልጃገረዶች ላይ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ መቅረት ሲደጋገም ሴት መምህር ትነጋገር።

9. የፈተና ምዝገባውን ኅዳር ላይ ያጣሩ

የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜና ፎቶግራፍ ከሰነዱ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። የምዝገባ ጊዜው እስኪደርስ አይጠብቁ፤ የስም ማስተካከያ ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ማስረጃ ካስፈለገው ሳምንታት ይወስዳል። አንድ ፊደል የተለየ ስም ያለው የ8ኛ ክፍል ውጤት 9ኛ ክፍል ሲመዘገብ «ያንተ አይደለም» ይባልበታል።

10. ሲሄድ ሙሉ ወረቀት ይስጡት

ስደተኛ ቤተሰብ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድበት ቀን ሲነገረው ጊዜው አጭር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የውጤት ቅጂው ሁልጊዜ የተሟላ ይሁን፤ ሲጠየቅ በአንድ ቀን ይውጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት፣ የየዓመቱን ውጤት፣ የተማረበትን ቋንቋና ዓመተ ምሕረቱን በሁለቱም አቆጣጠር የያዘ ይሁን። ዓመቱ በእኛ ብቻ ከተጻፈ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ማስረጃውን የስምንት ዓመት አሮጌ አድርጎ ያየዋል። ስሙ በሰነዱ ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ ይሁን።

ችግር ሲገጥም

ልጁ ከሁለት ወር በኋላም አይናገርም። ብዙዎች መጀመሪያ ያዳምጣሉ፤ በጽሑፍና በተግባር ከመለሰ አያስገድዱት። በአፍ መፍቻ ቋንቋውም ቤቱ ውስጥ የማይናገር ከሆነ ግን የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት።

ሒሳብ ጥሩ ነበረ፣ ዘንድሮ ወደቀ። የቃላት ጥያቄዎች በዝተው ይሆናል። ያንኑ ጥያቄ በቁጥር ብቻ ጽፈው ይስጡት፤ ከሠራው ችግሩ ቋንቋ ነው፣ ወደ 4ኛው ተራ ቁጥር ይመለሱ።

የክፍል ጓደኞቹ ያገሉታል። መምህሩ ስለ ስደተኞች ንግግር ከሚያደርግ ይልቅ ልጁ የሚችለውን ሥራ ለቡድኑ ይስጥ፤ እግር ኳስም፣ ሒሳብም፣ የሚኒ ሚዲያ ሥራም ይሆናል። ስድብ ከተሰማ በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት በዚያው ቀን ይታይ።

መምህራን «ተጨማሪ ሥራ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ 6 ስደተኛ ልጅ ከደረሰ፣ መምህሩ ለማረሚያ ጊዜ እንዲያገኝ ከማስተማሪያ ክፍለ ጊዜው ይቀንሱለት፣ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ወላጅ በሳምንት ሁለት ቀን ከጎኑ እንዲቀመጥ ያድርጉ። ወላጁ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ ከመምህሩ ጋር ብቻ ሆኖ፣ ከልጆች ጋር ለብቻው ሳይቀር ይሥራ።